አይማክ ሲንቀራፈፍ፣ አይፎን ሲደክም፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

አይማክ (ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የሆኑበት የአፕል ዴስክቶፕ) ተሸክሞ የሚመጣ ደንበኛ ብቻውን አይመጣም። «አላልኩህም?» የሚል ጓደኛ አብሮት አለ። ማሽኑ ጠረጴዛዬ ላይ ሳያርፍ ጓደኝየው ይጀምራል፦ «በዚህ ብር ሁለት ደህና ዴስክቶፕ ትገዛ ነበር እኮ!» ባለቤቱ ደግሞ «ስክሪኑን አይተኸዋል?» ይላል። ቀጥሎ ክርክሩ ወደ ኪስ ይወርዳል፤ አንዱ አይፎኑን፣ ሌላው ሳምሰንጉን ያወጣል። እኔ በዚህ መሃል ካቻቪቴዬን እፈልጋለሁ።

ስንቱን ክርክር ሰምቼ፣ ስንቱን ማሽን ፈትቼ እንዳየሁት ሰው «አይማክ ዋጋው አይገባውም» የሚለው ብዙ ጊዜ አንድ ርካሽ እቃ አስቀይሞት ነው። እቃው ሲቀየር ጠቡም ይበርዳል። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ። ሶኬት ማየቱን፣ አጥፍቶ ማብራቱን፣ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ መፈተሹን እንደምታውቁ ቆጥሬ አልፌዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

ምልክት፦ ሲበራ አቦል፣ ፎቶሾፕ ሲከፈት ቶና

አብዛኛው ወደኔ የሚመጣው ይሄ ነው። ማሽኑ ይበራል፣ ስክሪኑ ያምራል፣ ግን አንድ ነገር በተነካ ቁጥር ባለ ቀለሟ ኳስ ትሽከረከራለች። ባለቤቱ «ቫይረስ ገብቶበት ነው» ይላል፤ ጓደኛው «አርጅቷል» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ምክንያቱ ዲስኩ ነው። አይማክ በ2012 መጨረሻ ጠርዙ ሲሳሳ፣ ባለ 21.5 ኢንቹ ውስጥ የገባው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ነው፤ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር። ይሄው ዲስክ እስከ 2019ኙ ሞዴል ድረስ በዝቅተኛው ዋጋ ሲሸጥ ቆየ። ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው ፈጣኑ ዲስክ) በሁሉም አይማክ ላይ መደበኛ የሆነው በነሐሴ 2020 ነው። አስቡት፦ 4ኬ ስክሪን፣ ደህና ፕሮሰሰር፣ ከሥሩ ግን ኤሊ። ሱፍ ለብሶ በባዶ እግሩ ሰርግ እንደሄደ ሰው ነው።

5400 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ 90 ዙር ነው። አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ማክኦኤስ (ማኩን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም) ሲነሳ የሚያነበው ብዙ ሺህ ጥቃቅን ፋይል በዲስኩ ላይ ተበትኖ የተቀመጠ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፋይል መርፌው ቦታውን ፈልጎ፣ ዲስኩ ዞሮ እስኪደርስለት ይጠብቃል። ስለዚህ በሰከንድ መቶ ንባብ እንኳ አይሞላም። ራም ብትጨምሩ፣ «ማጽጃ» የሚባል ፕሮግራም ብትጭኑ ይህን ሂሳብ አትለውጡትም። (ማጽጃ ፕሮግራም አትጫኑ። ለማንኛውም ማሽን። በቃ።)

«ድሮ ደህና ነበር፣ አፕዴት ካደረግኩት ወዲህ ነው» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በ2018 የወጣው የማክኦኤስ ቅጂ፣ ሞሃቪ፣ ሃርድ ዲስኮችን ሁሉ ኤፒኤፍኤስ ወደሚባለው አዲስ አቀማመጥ ቀየራቸው። ኤፒኤፍኤስ የተነደፈው ለኤስኤስዲ ነው፤ በሚዞር ዲስክ ላይ መረጃውን ይበትነዋል፣ መርፌውንም ያሯሩጠዋል።

ሻጭ «ይሄኛው ፊውዥን ነው» ብሎ ዋጋ ሲጨምርባችሁ ደግሞ ስንት ጊጋ እንደሆነ ጠይቁት። ፊውዥን ትንሽ ኤስኤስዲና ትልቅ ሃርድ ዲስክ ተጣምረው እንደ አንድ ዲስክ የሚታዩበት ነው። በ2012 ሲመጣ የኤስኤስዲው ክፍል 128 ጊጋ ነበር። በ2015 ባለ 1 ቴራው ላይ ወደ 24 ጊጋ ወረደ፤ በኋላ 32 ሆነ። ፎቶሾፕና የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ሲገቡበት 24 ጊጋ የት ይደርሳል? ከሁለቱ አንዱ ከሞተ ደግሞ ዳታው በሙሉ አብሮ ይሄዳል።

ለማረጋገጥ የአፕል ምልክቷን ተጭናችሁ ስለ ማኩ ወደሚናገረው ገጽ፣ ከዚያ ወደ ሲስተም ሪፖርት፣ ከዚያ ስቶሬጅ ግቡ። የዲስኩ ዓይነት «ሮቴሽናል» ካለ በሽተኛው ተገኝቷል። እዚያው «ቬሪፋይድ» (ዲስኩ ደህና ነው ለማለት) የሚል ታያላችሁ፤ በሱ አትጽናኑ። «ቬሪፋይድ» እያለ እጄ ላይ የሞተ ዲስክ ቁጥሩን አላውቀውም።

አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ የ2017 ባለ 21.5 ኢንች ይዞ መጣ። ሌላ ጥገና ቤት ራም አስጨምሯል፣ ብዙ ከፍሏል፣ ማሽኑ ግን ያው ነው። ከፈትኩት። በዚህ ሞዴል ራሙ ከቦርዱ ጀርባ ነው፤ እንደ ባለ 27 ኢንቹ ከኋላ ትንሽ በር የለውም። ቦርዱን ለማውጣት ስክሪኑ ይላቀቃል፣ ስፒከሩ፣ ፋኑ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ሃርድ ዲስኩም ይወጣል። ልብ በሉ፦ ያ ባለሙያ በሽታውን በእጁ ይዞ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል፤ ከዚያ አቧራውን ጠርጎ መልሶ ከቶታል! ልጁ ሁለተኛ የመክፈቻ ዋጋ ከፈለ። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

*መፍትሄ አንድ፦ ሳይከፈት።* ለብዙ ሰው የምመክረው ይሄንን ነው። በውጭ ሳጥን ውስጥ ያለ ኤስኤስዲ ገዝታችሁ ከኋላ ዩኤስቢው ላይ ሰኩት። ከ2012 ጀምሮ ያለው አይማክ ሁሉ ዩኤስቢ 3 አለው፤ ከ2017 ወዲህ ያለው ደግሞ ዩኤስቢ-ሲ ተጨምሮለታል። መጀመሪያ ባክአፕ። ከዚያ በዲስክ ዩቲሊቲ ኤፒኤፍኤስ አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉ፣ ማክኦኤስን እሱ ላይ ጫኑ፣ የድሮውን ሁሉ በማይግሬሽን አሲስታንት አዙሩ፣ በመጨረሻ ስታርትአፕ ዲስክ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ አዲሱን ምረጡ። ይህን እርምጃ የሚረሳ ሰው አለ፤ ኤስኤስዲው ተሰክቶ ማሽኑ ከድሮው ዲስክ እየተነሳ «ለውጥ የለውም» ብሎ ይደውላል።

ሳጥኑን በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ከማቆሚያው እግር ጀርባ ለጥፉት። ለጥፉት ያልኩት ለጌጥ አይደለም። አንድ ማተሚያ ቤት ጠረጴዛ የምትወለውል ሴትዮ ፍላሽ መስሏት ማሽኑ እየሠራ ነቀለችው። እሷ ምን ታድርግ? ገመዱን ጠረጴዛ ላይ አንጠልጥሎ የተወው ባለቤቱ ነው።

ከገበያ «2 ቴራ» ተብሎ በምሳ ዋጋ የሚሸጠውን አትግዙ። ፈትቼ አይቻለሁ፤ ውስጡ ትንሽ የስልክ ሚሞሪ ካርድ በሙጫ የተለጠፈበት ሰሌዳ ነው። ኮምፒውተሩ 2 ቴራ ብሎ ያነበዋል፣ ፋይሉንም የተቀበለ ይመስላል፤ ከተወሰነ ጊጋ በኋላ የጻፈው ሁሉ የለም። የገዛችሁትን እስከ አፉ ሞልታችሁ መልሳችሁ ሳታነቡ የሰው ሰርግ አትጫኑበት።

*መፍትሄ ሁለት፦ ከፍቶ መቀየር።* ከ2009 እስከ 2011 ያሉት መስታወታቸው በማግኔት የተያዘ ነው፤ በመምጠጫ ጎማ ይነሳል። ከ2012 ወዲህ ግን መስታወቱና ስክሪኑ አንድ ላይ ተጣብቀዋል፣ ዙሪያው ደግሞ ከገላው ጋር በማጣበቂያ ተይዟል። መስታወቱ ከተሰነጠቀ ሙሉ ስክሪን መግዛት ነው፤ የስክሪኑ ዋጋ ከተጠየቀ ደግሞ ጓደኝየው ክርክሩን አሸንፏል።

ማጣበቂያው የሚቆረጠው ለዚሁ በተሠራ የፕላስቲክ መንኮራኩር ነው። ቢላ አይደለም። የጥፍር መቁረጫ አይደለም። የኤቲኤም ካርድ ለመጨረሻው ማላቀቂያ ይሆናል፤ ላይ መሃል ግን ካሜራው ስላለ በጥልቀት አታስገቡ። ከግራ፣ ከላይ፣ ከቀኝ ከተቆረጠ በኋላ ስክሪኑን ጥቂት ብቻ ወደ ፊት አዘንብሉት፤ ከውስጥ ሁለት ኬብሎች ይዘውታል። በአንድ ትንፋሽ ስቦ የበጠሰ አውቃለሁ፤ ራሴን ነው። የመጀመሪያዬ ነበር፣ ከኪሴ ከፈልኩ።

ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ራቁቱን ተቀምጧል፣ ክዳን የለውም። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ጣት አታስጠጉ። ልጅ አታስጠጉ። «ትንሽ ነው የሚይዘው» የሚላችሁንም አታስጠጉ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ስክሪኑን በወረቀት ፕላስተር ብቻ ይዛችሁ አብሩና ሁሉንም ሞክሩ። ከዚያ አሮጌውን ማጣበቂያ ልጣችሁ፣ አዲስ ለሞዴሉ የተቆረጠ ለጥፉ። አሮጌውን መልሶ የተጠቀመ አንድ ጥገና ቤት ነበር፤ የደንበኛው ስክሪን ሌሊት ለብቻው ተላቆ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሌላው ደግሞ በመስኮት ሲሊኮን ዘጋው! ያንን ማሽን ስከፍት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ የሲሊኮኑ ሽታ እስከ ማታ ከእጄ አልለቀቀም።

ምልክት፦ ዲስክ ከተቀየረ በኋላ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል

በተለይ ከ2009 እስከ 2011 ያሉት። የዲስኩ የሙቀት መለኪያ አልተገናኘም። የመለኪያ ኬብሉን ግጠሙለት፤ ካልተገኘ የፋን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ጭራሽ አይበራም

ፓወር ሰፕላይ። በኢንቴሎቹ (የኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው የድሮ አይማኮች) ከውስጥ ነው፣ መክፈት ግድ ይላል። በ2021 በወጣው ባለ 24 ኢንች ከውጭ አዳፕተር ስለሆነ ሌላ አዳፕተር መሞከር ይበቃል። ማሽኑ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይችላል፤ የሚገድለው መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው። የዚህን ዋጋ ማሽን ከቡና ማፍያና ከካውያ ጋር በአንድ ዲቫይደር የሚሰካ ሰው ስለ ዋጋ ባይከራከር ደስ ይለኛል። ዩፒኤስ ግዙ።

ምልክት፦ ማሽኑ ደህና ነው፣ አዲሱ ፕሮግራም ግን አልጫን አለ

ዕድሜ ነው። የ2012ና የ2013ቱ ካታሊና በሚባለው የማክኦኤስ ቅጂ ላይ ቆመዋል። በ2025 የወጣው ቅጂ፣ ታሆ፣ ከአይማክ ኢንቴሎች የሚቀበለው የ2020ውን ብቻ ነው፤ ለኢንቴል የመጨረሻው እንደሆነም አፕል ተናግሯል። ስለዚህ የ2017ቱን በውድ ልሽጥልህ የሚላችሁን ስቃችሁ እለፉት። ኤም 1 የሚባለው የአፕል የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ባለ 24 ኢንች ፈጣን ነው፤ ግን ራሙም ማከማቻውም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ 8 ጊጋ ገዝታችሁ በኋላ አስጨምራለሁ ማለት የለም። በ2024 የመጣው ኤም 4 ሲወጣ በዚያው በኤም 1ዱ መነሻ ዋጋ፣ በ1,299 ዶላር፣ ከ16 ጊጋ ጀመረ።

እዚህ ላይ ጓደኝየው አንድ ጥሩ ነጥብ አለው። በዚያው ዓመት የወጣው ማክ ሚኒ (ስክሪን የሌለው ትንሹ ማክ) ሲወጣ 599 ዶላር ነበር፤ ስክሪን ያለው ሰው ለምን አይማክ ይገዛል? ባለ 5ኬው አይማክ ቦርዱ ሲሞት ያ ውብ ስክሪን ለሌላ ኮምፒውተር ሞኒተር ልሁን ቢል ኬብል ሰክቶ ብቻ አይሆንም፤ የድሮዎቹ ይችሉ ነበር፣ እሱ አይችልም። አንዱ ሲሞት ሁለቱም ይቀበራሉ።

ምልክት፦ አይፎኑ ደከመ፣ በ30 ፐርሰንት ይጠፋል

ባትሪ ነው። በ2017 መጨረሻ አፕል የደከመ ባትሪ ያላቸውን ስልኮች ድንገት እንዳይጠፉ ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አመነ፤ በ2018ም የባትሪ ጤንነት የሚታይበት ገጽ ሴቲንግ ውስጥ ገባ። ከ80 ፐርሰንት በታች ከሆነ ቀይሩ። «አፕል ሆን ብሎ ያስረጃል» እያለ አንድሮይድ ሊገዛ የተነሳ ሰው ባትሪ ቀይሬለት ሐሳቡን ቀይሯል። አንድሮይዱም ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚታየው ማከማቻው ነው፤ 32 ጊጋ ስልክ ላይ የሁለት ዓመት የቴሌግራም ቪዲዮ ተከምሮ ስልኩ ምን ያድርግ? «አንድሮይድ ቶሎ አፕዴት ያልቅበታል» የሚለው ወቀሳ ለርካሾቹ እውነት ነው፤ ለፒክስል 8 እና ለጋላክሲ ኤስ24 ግን የ7 ዓመት ተስፋ ተሰጥቷል።

ምልክት፦ ፎቶውና ጽሑፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ይበላሻል

ከአይፎን ወደ ዊንዶውስ የሄደ ፎቶ አልከፈት ካለ ሄይክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ፎርማት የሚለውን ወደ ሁሉን ተስማሚው ለውጡት። አንድሮይድ በኬብል ማክ ላይ አይታይም፤ ተበላሽቶ አይደለም፣ ማክኦኤስ ቋንቋውን አይናገርም። በቴሌግራም ላኩት፣ ግን እንደ ፋይል። እንደ ፎቶ ልካችሁ «ማተሚያ ቤቱ አደበዘዘብኝ» አትበሉ። ማክ ላይ «ከፋ» በሚባለው ፊደል (ፎንት) የተጻፈ አማርኛ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት «ከፋ» ስለሌለ በኒያላ ወይም በኤብሪማ ይተካል፣ ገጹም ይንሸራተታል። የሰርግ ጥሪ ወረቀት ከሆነ ፒዲኤፍ አድርጉት።

ምልክት፦ ስልኩ ወይም ማኩ የማላውቀውን ሰው አካውንት ይጠይቃል

በቀድሞ ባለቤቱ አካውንት ተቆልፏል። እንዲህ የሚቆለፉት፦ አይፎን ከ2013 ጀምሮ፣ አንድሮይድ ከ2015 ጀምሮ፣ የ2020ው አይማክና ከሱ ወዲህ ያሉትም እንዲሁ። ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ ከአካውንቱ ይውጣ፣ ሁሉን ያጥፋ፣ ከዚያ ማሽኑን እናንተ አብሩት፣ ዋይፋይ አገናኙት፣ የሌላ ሰው አካውንት ሳይጠይቅ ማለፉን እዩ። የድርጅት ማኔጅመንት ገጽ ከመጣ ማሽኑ የአንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ብሩን ሳትከፍሉ ውጡ። ተቆልፎ ገዝታችሁ «አንተ ትችላለህ» ብላችሁ እኔ ጋ አታምጡት። አልከፍተውም።