መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፦ የፍሪዘሩ ስጋ ይበላል ወይስ ይጣላል?

ሥራዬ የፍሪጅ ጥገና ነው። ሰው የሚጠራኝ ሞተሩን እንዳይለት ነው፤ በሩን ከፍቼ ጎንበስ ስል ግን የምጠየቀው ስለ ስጋው ነው። «ይሄ ይበላል?» ሶኬቱን፣ ብሬከሩንና የቆጣሪ ካርዱን አይታችኋል ብዬ ልለፈው።

መብራት ጠፍቷል፣ ገና አልመጣም

በሩን አትክፈቱ። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት ይይዛል። ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ነው። ፍሪጁን ግን ከ4 ሰዓት በኋላ አትመኑት። ይሄ ሁሉ የበሩ ጎማ ደህና ከሆነ ነው። እንደ ድሬዳዋ ያለ ሞቃት ቦታ የምትኖሩም ከዚህ ቀንሳችሁ አስቡ። በየሰዓቱ «ቀለጠ እንዴ?» እያሉ የሚከፍቱ አሉ፤ የሚያቀልጡት ራሳቸው ናቸው።

ግማሹ ለቋል፣ ግማሹ በረዶ ነው

ይሄ ቀላሉ ነው። በጣታችሁ ስትጫኑት ውስጡ በረዶ ካለና ላዩም ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ወይም ቴርሞሜትር ከ4 ዲግሪ በላይ ካላሳየ፣ መልሳችሁ ማቀዝቀዝ ትችላላችሁ። ውሃ ይለቃል፣ ጣዕሙም ይቀንሳል፣ ግን ይበላል። ሙሉ በሙሉ ለስልሶ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ስጋ ከቀዘቀዘ ዛሬውኑ አብስሉት። ከ4 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ስጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ወተት ወይም የበሰለ ወጥ ግን ይጣላል። ተቁላልቶ የተቀመጠ ሽንኩርትም እንደ ወጡ ነው። ቅቤ፣ ዳቦና እንጀራ ቻይ ናቸው፤ እንጀራው ሻጋታ ካላወጣ ችግር የለበትም።

መጀመሪያ የሚለቀው የተፈጨ ስጋና በቀጭኑ የታሰረ ነገር ስለሆነ ፍተሻውን ከእሱ ጀምሩ። አንዴ የለቀቀ ስጋ ደግሞ ለክትፎ አይታሰብም። ለብለብም አይሆንም፣ በደንብ ይብሰል።

ሁሉም ደርቋል፣ «ምንም አልሆነም»

የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፤ ከበዓል በኋላ ደግሞ በየቤቱ አለ። ሰው ለፋሲካ ክፍለ ሀገር ይሄዳል። መብራት ይጠፋል፣ ስንት ቀን እንደጠፋ የሚያውቅ የለም፣ ከዚያ ይመጣል። ባለቤቱ ተመልሶ ሲከፍት ሁሉም ጠጥሯል፤ ተመስገን ብሎ ይዘጋል።

አንዲት እናት ቤት ያየሁት አይረሳኝም። የቅርጫ ስጋ ሞልቷል። የጉበቱ ፌስታል ደሙን ለቆ፣ ደሙ በመደርደሪያው ሽቦ መሃል ቁልቁል ወርዶ፣ እዚያው ተንጠልጥሎ ደርቋል። ከታች ያለው የድልህ ዕቃ ክዳኑ ላይ ቀይ በረዶ ጋግሯል። የዶሮው ጀርባ ላይ የሽቦው መስመር ታትሟል። ደንድኖ የቆየ ዶሮ እንዲህ አይታተምም፤ ለስልሶ ተኝቶበት ነው።

«ልጄ፣ እየው እስቲ፣ ድንጋይ እኮ ነው!» አሉኝ።

«እማማ፣ አሁን ድንጋይ ነው። ማክሰኞ ዕለት ምን ነበር?»

የአሁኑ ጥንካሬ ስለ ማክሰኞ አይናገርም። እናንተም የምትፈልጉት ያኔ ለስልሶ እንደነበር የሚያሳይ ምልክት ነው፦ እርስ በርስ የተጣበቁ ፌስታሎች፣ ሥር የተጋገረ ቀይ በረዶ፣ ቅርጹ የተለወጠ ስጋ፣ ፍሬ ፍሬው ጠፍቶ አንድ ላይ የተጋገረ የበረዶ ማውጫ። እነዚህን ካያችሁ፣ መቼ እንደለቀቀና ስንት ሰዓት እንደቆየም ካላወቃችሁ፣ ጣሉት። አዎ፣ የስጋ ዋጋ አውቃለሁ።

«አልሸተተም» አትበሉኝ። የሚያሳምም ባክቴሪያ የግድ አይሸትም። ቀምሶ ማረጋገጥ የሚባለውም ይቅር። «በደንብ እቀቅለዋለሁ» የሚሉም አሉ። መቀቀል ባክቴሪያውን ይገድላል፤ እንደ ስታፊሎኮከስ ያለው አስቀድሞ የረጨው መርዝ ግን በመፍላት አይጠፋም። ማቀዝቀዝም ባክቴሪያ አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ሲለቅ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከመሄዳችሁ በፊት ይሄን አድርጉ። አንድ ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ እስኪሆን አድርቁና ላዩ ላይ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከበረዶው ላይ ካለ ደህና ነው። መሃል ከገባ ከፊሉ ቀልጦ ነበር። ሥር ከተገኘ ሁሉም ቀልጦ ነበር፣ ስጋውን አትንኩት። ሳንቲሙ ስንት ሰዓት እንደቆየ አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁም ስለተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ በሩ አጠገብም፣ ውስጥ ጥግ ላይም አንድ አንድ አስቀምጡ።

መብራት አለ፣ ስጋው ግን እየለሰለሰ ነው

አምፖሉ ይበራል፣ ሞተሩ ግን እም... ይልና ቀጭ ብሎ ያቆማል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንደዚያው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃና ምጣድ ሲለኩስ ኃይሉ ይወርዳል፤ አምፖል በትንሽ ኃይልም ይበራል፣ ሞተር ግን አይነሳም። አምፖሉን ያየ ሰው «መብራት አለ» ብሎ ይተኛል። ማታ ማታ ለስልሶ ሌሊት የሚደርቅ ስጋ ከላይ የነገርኳችሁ ዓይነት ነው።

መፍትሄው ለፍሪጁ የሚበቃ፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር (የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክል ዕቃ) ነው። በርካሽ ተገዝቶ፣ ማሳያው ላይ 220 ቮልት ጽፎ በመልቲሜትር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ሲለካ ሌላ ነገር የሚወጣው እቃ እጄ ላይ ሞልቷል። ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ ይለካላችሁ። አልለካም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የቅርጫ ዕለት

ገና ሙቀቱ ያልወጣለትን ስጋ በትልልቁ ፌስታል ጠቅጥቆ መክተት ሌላው በሽታ ነው። አሮጌውን ያለሰልሰዋል፣ የራሱም መሃል ሳይደርቅ ያድራል። በትንንሹ፣ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቀዝ ይበል፤ ከዚያ ተራ በተራ አስገቡት። ቦታ ካልበቃ ለጎረቤት አካፍሉ፣ ወይም ቋንጣ አድርጉት።

ጋዝ ያለቀበት ወይም የኖፍሮስት (በረዶ የማይጋግር ፍሪጅ) ማሞቂያው የተቃጠለም ያጋጥማል፤ እሱን ለባለሙያ ተዉት።

ደም የፈሰሰበትን ፍሪዘር በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጣችሁ አብሱት። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። የተጋገረውን በረዶ ደግሞ በቢላ አትፈልፍሉ፣ እባካችሁ። ግድግዳው ውስጥ የጋዝ መስመር አለ፣ አንዴ ከተበሳ ጋዙ ያልቃል። ሶኬቱን ነቅላችሁ በሩን ክፈቱት፣ ጨርቅ ከሥሩ አንጥፉ፣ በራሱ ጊዜ ይለቃል።