የጎረቤት ዛፍ አጥር ሲሻገር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃና ማርያም፣ ኮተቤ ወይም ቡራዩ ግቢ ያለው ሰው ዛፍ መትከሉ አይቀርም። አቮካዶው ወይም ግራቪሊያው ያድግና አጥር ተሻግሮ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ይተኛል። ከዚያ ነገር ይመጣል።

ትልቁ ስህተት ሳይናገሩ መጥረቢያ ማንሳት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1133 መሠረት ዛፍ ከመሬቱ እስካልተለየ ድረስ የመሬቱ ክፍል ነው። ግንዱ የቆመው ጎረቤት ግቢ ከሆነ ዛፉም የእሱ ነው። ሳይነግሩት ገዝግዘውበት ዛፉ ቢደርቅ ካሳ ሊጠይቅዎት ይችላል። ሆን ብሎ የሰው ንብረት ማበላሸት ደግሞ በወንጀልም ያስከስሳል። አጥር ዘሎ ገብቶ መቁረጥማ የባሰ ነው፤ ተበዳይ የነበሩት ሰውዬ ተከሳሽ ሆነው ያርፉታል።

ሌላው ስህተት ዝም ማለት ነው። ቡና አብረው የሚጠጡትን ሰው «ዛፍህን ቁረጥ» ማለት ይከብዳል፣ ይገባኛል። ሕጉ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ቁጥር 1225 ማንም በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ ያስገድደዋል። «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስም ይቻላል፤ ክሱ ሁከቱ ከተፈጠረ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ግን በቁጥር 1149 መሠረት በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በቃል ይንገሩት። ካልሰማ በጽሑፍ፣ ምስክር ባለበት ይስጡት። በቅጠል የተደፈነውን አሸንዳና የተጎዳውን ጣሪያ ፎቶ ያንሱ።

የዕድር ሽማግሌዎች ካስታረቁ በኋላ ተሳስሞ ብቻ መለያየትም አለ። ማን ያስቆርጣል? የቆራጩን ሂሳብ ማን ይከፍላል? እንጨቱስ የማን ነው? (በእንጨቱ የሚነሳው ጠብ አንዳንዴ ከቅርንጫፉ ይብሳል።) ሁሉም ይጻፍ፣ ይፈረምበት። በቁጥር 3312 መሠረት እርቅ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ የሌለው ፍርድ ያህል ኃይል አለው።

ከተማ ዳር ለሚኖር ሰው ደግሞ ዋናው ጣጣ ወሰን ነው። ብዙ ቦታ በእርምጃ ተለክቶ የተሸነሸነ ስለሆነ፣ አጥሩ ራሱ ትክክለኛው ወሰን ላይ ላይቆም ይችላል። ካርታ ካለዎት አውጥተው ሳያዩ ስለ ቅርንጫፍ አይካሰሱ። ጎረቤትዎ «አጥሩ ራሱ የኔ ቦታ ላይ ነው» ካለ ክርክሩ ከቅርንጫፍ ወደ መሬት ይዞራል፤ የመሬት ክርክር ደግሞ ቶሎ አያልቅም።

አቤት የሚሉበትንም ቢሮ ይለዩ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ሃና ማርያምና ኮተቤ የአዲስ አበባ ናቸው። አድራሻችን ፊንፊኔ ዙሪያ ነው እያሉ የማይመለከተው ወረዳ ደጅ የሚጠኑ ሰዎች አሉ፤ ያ 2 ዓመት ግን እየቆጠረ ነው።

ቅርንጫፉ የመብራት ገመድ ከነካ ግን ይህን ሁሉ ይተዉት። ራስዎም አይቁረጡ፣ የቀን ሠራተኛም አያስወጡበት። 905 ደውለው ለመብራት ኃይል ያሳውቁ።