ወደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ አዲስ ተማሪና ለወላጁ፦ ምዝገባ፣ ወጪና የግቢ ኑሮ

«የት ደረሰሽ?» ለሚለው የጎረቤት ጥያቄ «ወሎ ዩኒቨርሲቲ» ብሎ መመለስ ይበቃል፤ ለጉዞ ዝግጅት ግን አይበቃም። ዩኒቨርሲቲው በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች የተከፈለ ሲሆን በሁለቱ መካከል 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። የኮምቦልቻው ግቢ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ መቀመጫ ነው፤ ሕክምናና ጤና ሳይንስ የሚሰጠው ደግሞ ደሴ ነው። ይሁን እንጂ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ገና የትምህርት ክፍል ያልያዘ በመሆኑ «የምፈልገው ምህንድስና ስለሆነ መድረሻዬ ኮምቦልቻ ነው» ብሎ በራሱ ግምት መጓዝ የለበትም። የት ሪፖርት እንደሚያደርግ የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው የሚያወጣው የጥሪ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ተማሪዎችን በትምህርት መስክ ወይም በስማቸው የፊደል ተራ ከፋፍሎ ሊጠራ ስለሚችል፣ ርዕሱን አንብቦ ለጓደኛ ከማስተላለፍ በፊት እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ ይገባል።

የካምፓሱ ጉዳይ ከመነሻው የሚያስፈልገው ለትኬቱም ለሻንጣውም ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ መኪና ደብረ ብርሃንን፣ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አልፎ በመጀመሪያ የሚያገኘው ኮምቦልቻን ነው፤ ደሴ የሚደረሰው ከዚያ በኋላ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ከወጡ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ የተጠራ ተማሪ ተኝቶ ደሴ ከደረሰ ዕቃውን ይዞ እንደገና ቁልቁለቱን መመለሱ ነው፤ ስለዚህ ለረዳቱ አስቀድሞ መንገር ይበጃል። ከወልድያ በኩል ለሚመጣ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የአየሩም ነገር እንደ ከፍታው ይለያያል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሌሊት አጥንት ይሰብራል። ከአፋር፣ ከጋምቤላ ወይም ከሌላ ቆላ አካባቢ የሚመጣ ተማሪ ወፍራም ብርድ ልብስና ጃኬት ሳይዝ ቢሄድ የመጀመሪያውን ሳምንት በሳል ያሳልፋል። ጃኬቱን እዚያው ከሰልባጅ ተራ በቅናሽ መግዛት ስለሚቻል ለእርሱ ብቻ ተብሎ ከቤት መበደር አያስፈልግም። ኮምቦልቻ ግን ሞቃት ናት፤ ትንኝም ስላለ ከወፍራም ብርድ ልብስ ይልቅ አጎበር ይጠቅማል።

ስለ ምደባው ብዙ ማለት አያስፈልግም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመደበኛ ተማሪ ምደባ የሚሰጠው በትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ መሠረቱም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትና ተማሪው የሞላው ምርጫ ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን ከዚያ በታች ካመጡት መካከል ሚኒስቴሩ በሚያወጣው መቁረጫ የተመረጡት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሬሜዲያል፣ ማለትም በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ይገባሉ። የሬሜዲያል ተማሪ በመኝታ ክፍሉ (ዶርም) እና በመመገቢያ አዳራሹ (ካፌ) ከሌላው ባይለይም ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪነቱን አላረጋገጠም፤ አንደኛ ዓመት የሚሆነው የፕሮግራሙን ፈተና ሲያልፍ ነው። ይህንን ወላጅም ተማሪም አውቀው ሊነሡ ይገባል። ምደባ በገንዘብ «አስቀይርልሃለሁ» የሚል ሰው በየዓመቱ አይጠፋም፤ ለእንዲህ ያለው ሰው አንድ ብር እንኳ መስጠት ገንዘቡን ወንዝ ውስጥ መጣል ነው።

ለምዝገባ የሚጠየቁት ሰነዶች ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለዋወጡም፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት እና የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ ሁሉም ዋናውና ኮፒው፣ ከእነርሱም ጋር ጉርድ ፎቶግራፎች። የፋይዳ መታወቂያም መያዝ ይገባል፤ የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ይፈለጋል። ከሰነዱ በተጨማሪ ማስታወቂያው አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ እንዲያዝ ያዝዛል። እዚህ ላይ ጊዜ የሚወስደው ትራንስክሪፕቱ ነው። ርዕሰ መምህሩ ለስብሰባ ወረዳ ሄዶ፣ ማኅተሙ ተቆልፎበት፣ ተማሪው ሦስት ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጥሪው እስኪወጣ ሳይጠበቅ ምደባው እንደታወቀ ማሠራት ያስፈልጋል። ስሙ በፈተናው ውጤት፣ በትራንስክሪፕቱና በመታወቂያው ላይ በፊደል ሳይቀር አንድ መሆኑንም ያን ጊዜ ማየት ይገባል፤ በአንዱ «ሀ» በሌላው «ሐ» ቢጻፍ በአማርኛ አያስቸግርም፤ በእንግሊዝኛው የአያት ስም ላይ አንዲት ፊደል ብትጎድል ግን እስከ ምረቃ ድረስ የምትከተል ጣጣ ናት። የሁሉንም ሰነድ ፎቶ በስልክና በኢሜይል ማስቀመጥ ለወሎ ተማሪ ከሌላውም የበለጠ ትርጉም አለው፤ በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሁለቱም ግቢዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። ሰነዱን በእጁ የያዘ ሰው ከማንኛውም ቢሮ መልስ ሳይጠብቅ ጉዳዩን መጀመር ይችላል።

ማስታወቂያው ከጠቀሳቸው ቀኖች ቀድሞ መድረስ አይመከርም፤ ዶርም ያልተዘጋጀለት ተማሪ በከተማው አልጋ ተከራይቶ ማደሩ ነው። ዘግይቶ መድረስ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው የሚለው አባባል በከፊል ብቻ እውነት ነው። መደበኛ ተማሪ ሲመዘገብ ለትምህርቱ፣ ለምግቡና ለመኝታው የሚከፍለው ገንዘብ የለም፤ ነገር ግን በየዓመቱ የወጪ መጋራት ውል፣ ተማሪው ኮስት ሼሪንግ የሚለውን፣ ይፈርማል። በሚኒስትሮች ምክር ቤት የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል፤ ዕዳው የሚከፈለውም ተመርቆ ገቢ ማግኘት ከጀመረ በኋላ ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው። ዕዳው ሳይጠናቀቅ ዋናውን ዲግሪ ማውጣት ስለማይቻል ተመራቂው እስከዚያው በጊዜያዊ ማስረጃ ይሠራል። ብዙ ተማሪ ይህን ቅጽ በሰልፍ መካከል፣ የጓደኛው ጀርባ ላይ አስደግፎ፣ ሳያነብ ይፈርመዋል። ቅጹ ላይ አገልግሎቱን በዓይነት ወይስ በጥሬ ገንዘብ እንደሚወስድ የሚጠይቅ ክፍል አለና እርሱን በጥንቃቄ መሙላት፣ የፈረመበትንም በየዓመቱ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ የዕዳ ሒሳብ ሲመጣ ይጠቅመዋል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ውሳኔ የካፌ ወይም የነን ካፌ ነው። የካፌ ተማሪ በምግብ ካርዱ (ሚል ካርድ) በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል፤ ነን ካፌ የሆነው ደግሞ የምግቡን ተመን በየወሩ በገንዘብ ተቀብሎ ውጭ ይመገባል። የተማሪ የምግብ በጀት ለረጅም ዓመታት በቀን 15 ብር ነበር፤ በኋላ 22 ብር ሆነ፣ ከዚያም ወደ 100 ብር አድጓል። ዩኒቨርሲቲው በጅምላ ገዝቶ በዚህ ገንዘብ ሦስት ጊዜ ያበላል፤ አንድ ተማሪ ግን በዚያው ብር ምግብ ቤት ገብቶ ሦስት ጊዜ ሊበላ አይችልም። ስለዚህ ቤተሰቡ ልዩነቱን ሳይቸገር የሚሞላለት ወይም በጤና ምክንያት የተለየ ምግብ የሚያስፈልገው ካልሆነ በቀር፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ካፌ መብላት ነው የሚሻለው። የካፌው ሽሮና ምስር ቀጥኗል ተብሎ ይታማል፤ ሐሜቱ ሁልጊዜ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ወሩ ሳያልቅ ገንዘቡ ያለቀበት ነን ካፌ የዚያችኑ ቀጭን ሽሮ መናፈቁ የታወቀ ነው።

ወላጅ ሊያስብበት የሚገባው እንግዲህ ከዚህ ውጭ ያለውን ነው። ከዚህም ትልቁ ድርሻ የሚወጣው በመጀመሪያው ወር ነው፦ ትራንስፖርት፣ የመኝታ ልብስ፣ ለሎከር የሚሆን ጓጉንቸር፣ ባልዲ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙናና ኦሞ፣ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ ካልኩሌተር። ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚደጋገመው የሃንድአውት ኮፒ፣ የአሳይመንት ሕትመት፣ የስልክ ካርድና ኢንተርኔት፣ አልፎ አልፎም የባጃጅ ነው። ይህን ለመሸፈን የሚላከውን ገንዘብ ወር ጠብቆ በአንድ ጊዜ ከመላክ በየሁለት ሳምንቱ በቴሌብር ወይም በባንክ መላክ ለጀማሪ ተማሪ ይበልጥ ይጠቅማል፤ በ17 ወይም በ18 ዓመቱ የወር ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የገባለት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ላውንጅ ውስጥ ጓደኛ ጋብዞ ቢጨርሰው አያስደንቅም። አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጅም ችግሩን ሸሽጎ ከመራብ ወደ ተማሪዎች አገልግሎት ሄዶ ማመልከት ይኖርበታል። ማመልከቻው ግን ባዶውን አይሄድም፤ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ከቤት ሲወጣ ይዞ መሄዱ የኋላ ምልልስን ያስቀራል።

ዶርም የሚደለድለው ፕሮክተር፣ ማለትም የመኝታ ክፍሎቹ ተቆጣጣሪ፣ ነው። ክፍሉ ተደራራቢ አልጋዎች ያሉት ሲሆን አብረው የሚኖሩት ተማሪዎች ከተለያየ ክልል፣ ቋንቋና ሃይማኖት የመጡ ናቸው። በወሎ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚገኝበት፣ በሐዘንም በሠርግም የማይለያይበት አገር ነው። ግቢ ውስጥ ግን ሰላም የሚደፈርሰው በትንንሽ ነገር ነው፤ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፣ ስልክ በጩኸት ማውራት፣ ሳይጠይቁ የሰው ባልዲ መውሰድ። እነዚህን በመጀመሪያው ቅዳሜ ቁጭ ብሎ መነጋገር ወደ ፕሮክተር ከመካሰስ ያድናል። ውሃ የሚጠፋበት ቀን ስለማይጠፋ ክፍሉ ተዋጥቶ አንድ ሁለት ጀሪካን ቢኖረው መልካም ነው። ምድጃና የውሃ ማፍያ ሒተር የተከለከሉ ናቸው፤ ድንገት በሚደረግ ፍተሻ ይወሰዳሉ።

በትምህርት በኩል የመጀመሪያው ሴሚስተር የቀላል ኮርሶች ወቅት ይመስላል። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ እየተባለ ሲዘረዘር «ይህንማ በሽምደዳ እንወጣዋለን» የሚል ሲኒየር አይጠፋም። ምክሩን አለመስማት ነው። የትምህርት ክፍል ድልድል ሲመጣ ከ12ኛ ክፍል ውጤት ጋር የሚታየው የአንደኛ ዓመቱ (የፍሬሽማኑ) አማካይ ውጤት፣ ማለትም ጂፒኤ፣ ስለሆነ፣ ሕክምና የሚመኝ ተማሪ ዕድሉ የሚወሰነው ገና ግቢውን ሳይለምድ በወሰዳቸው በእነዚሁ ኮርሶች ነው። በተለይ ሎጂክ የሚሸመደድ አይደለም፤ መልመጃውን በእጅ መሥራት ይጠይቃል። በየኮርሱ መጀመሪያ የሚታደለውን የምዘና ክፍፍል ማየት፣ የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና (ሚድ) ሲመለስ ወረቀቱን ጠይቆ ማየት፣ ቅሬታ ካለም ውጤቱ ሬጅስትራር (የተማሪዎች መዝገብ ቢሮ) ሳይገባ መምህሩን በአክብሮት ማነጋገር ያስፈልጋል። ለምረቃ ቢያንስ 2.00 ጂፒኤ ያስፈልጋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የመውጫ ፈተናን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ ግድ ሆኗል። ፈተና ሲቃረብ ላይብረሪ ውስጥ ስፔስ (የማጥኛ ቦታ) ለመያዝ ደብተር አስቀምጦ መሄድ የቆየ ልማድ ነው፤ ደብተር ይቀመጥ እንጂ ስልክና ካልኩሌተር አብሮ መቀመጥ የለበትም።

ከትምህርት ውጭ ያለው ሕይወት እንደ ተማሪው ዝንባሌ ነው። ኦርቶዶክሱ በግቢ ጉባኤው፣ ሙስሊሙ በጀመዓው፣ ሌላውም በየኅብረቱ የሚያጽናናው ሰው ያገኛል። ከተማ ለመውጣት ለፈለገ በደሴ ፒያሳ፣ አራዳና ሰኞ ገበያ በባጃጅና በታክሲ ይደረሳሉ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ወጪ ተጋርቶ ወደ ሐይቅ መሄድም ይቻላል፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳምም እዚያ ይገኛል። የግቢው በር የሚዘጋበትን ሰዓት ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መታወቂያ የረሳ ተማሪ ማታ በሩ ላይ ከጥበቃ ጋር የሚያደርገው ክርክር ረጅም ነው። «አብሽር» (አይዞህ) የሚለው ቃል በየደረጃው ይሰማል፤ ጥበቃው ሲለው ግን ዛሬ አትገባም ማለቱም ሊሆን ይችላል።

የታመመ ተማሪ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግቢው ክሊኒክ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ክሊኒኩ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፍለታል። በራሱ ወደ ግል ሕክምና የሄደ ሰው ወጪውን በራሱ ይችላል፤ ፈተና ካመለጠውም ማስረጃው ተቀባይነት ለማግኘት ይቸግረዋል። በሕመም፣ በቤተሰብ ሐዘን ወይም በሌላ ምክንያት ትምህርቱን ማቋረጥ የግድ ከሆነበት ሻንጣውን አንሥቶ መሄድ የለበትም። ሬጅስትራር ሄዶ የዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ) ቅጽ መሙላት፣ የላይብረሪ መጽሐፍ፣ ፍራሽና የዶርም ቁልፍ መልሶ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ወረቀት) ማስፈረም፣ ኮፒውንም መያዝ ይኖርበታል። ይህን አሟልቶ የወጣ ተማሪ በቀጣዩ ዓመት የመመለሻ ማመልከቻውን በተወሰነው ቀን አስገብቶ ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል፤ ሳያሟላ የሄደ ግን ያልተፈተነባቸው ኮርሶች በኤፍ ሊመዘገቡበት፣ የተመለሰ ዕለትም የማያውቀው የፍራሽ ዕዳ ሊጠብቀው ይችላል።