የኮቪድ ታማሚን በቤት ውስጥ ማስታመም

በምርመራ ኮቪድ የተገኘበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል መተኛት አያስፈልገውም። ሆኖም ቤት ውስጥ ማስታመም ቀን መቁጠርንና ለውጥን በጽሑፍ መያዝን ይጠይቃል። አስታማሚው ደብተር አዘጋጅቶ፣ ምርመራው የተደረገበትን ሳይሆን ሳሉ፣ ትኩሳቱ ወይም የጉሮሮ ሕመሙ የጀመረበትን ዕለት ይመዝግብ። በሽታው የሚጠናባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚባባስባቸው ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ታማሚው በ3ኛው ቀን «ተሽሎኛል» ቢልም ክትትሉ መቋረጥ የለበትም።

ታማሚው በዕድሜ የገፋ፣ ነፍሰ ጡር፣ ወይም የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ይማከር። እንደ ፓክስሎቪድ ያሉ የቫይረሱን መራባት የሚገቱ መድኃኒቶች በሚገኙበት አገር ጥቅም የሚሰጡት ምልክቱ ከታየ በ5 ቀን ውስጥ ሲጀመሩ ነው፤ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጩም ታማሚው የሚወስደው ሁሉ ለሐኪሙ ይነገር።

በብዙ ቤት ምች እንዳይመታው በሚል በርና መስኮት ተዘግቶ ታማሚው በጋቢ ይሸፈናል። ጋቢው ይሁን፣ መስኮቱ ግን ይከፈት፤ ቫይረሱ በታፈነ ክፍል አየር ውስጥ ስለሚቆይ የአስታማሚው ደኅንነት በዚህ ላይ ይመሠረታል። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ አልጋው ወደ መስኮቱ ይጠጋ፣ ሁለቱም ማስክ ያድርጉ። ጠያቂን መመለስ በእኛ ዘንድ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ምግቡን ደጅ ላይ አስቀምጦ በስልክ መጠየቅ ይቻላል።

ለትኩሳትና ለቁርጥማት ፓራሲታሞል ይበቃል። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ሲሆን፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ የጉበት ሕመም ያለበት ግን መጠኑን ከሐኪም ይጠይቅ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ፓራሲታሞል ስላለባቸው አብረው ይቆጠሩ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ዴክሳሜታዞን የተባለው የሰውነትን መቆጣት የሚቀንስ መድኃኒት ደግሞ ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ታማሚ እንጂ ለሌላው አይጠቅምም፤ የስኳር መጠንንም ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ጎረቤትን አድኗል ተብሎ ከፋርማሲ አይገዛ። ዝንጅብልና ማር ያለበት ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል። በባሕር ዛፍ መታጠን ግን ቫይረሱን አያጠፋም፣ የፈላው ውኃም ሰው ያቃጥላል። አጥሚት፣ ሾርባና ውኃ ደጋግመው ይሰጡ።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ዕቃ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ነው፤ የአንዳንድ ታማሚ ኦክስጅን ትንፋሹ ማጠሩ ሳይሰማው ሊወርድ ይችላልና። ታማሚው 5 ደቂቃ ያህል ከተቀመጠ በኋላ፣ እጁ ሞቆ፣ የጥፍር ቀለም ወይም ሂና በሌለበት ጣት ይለካ፤ ቁጥሩ ሲረጋ ጠዋትና ማታ ይጻፍ። ከ94 በመቶ በታች ከሆነ ሐኪም ይጠየቃል፤ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለበት ቦታ የጤነኛ ሰው ቁጥርም በመጠኑ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ቀን ልኬት ለማነጻጸሪያ ይረዳል። መለኪያ ባይኖርም፣ ታማሚው ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከተጫነው፣ ከተምታታበት ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ማታም ቢሆን አይደር፤ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ከጠፋና ሌላውም ምልክት እየቀለለ ከሆነ ታማሚው ከክፍሉ ሊወጣ ይችላል፤ ለተጨማሪ 5 ቀን ግን ሰው ባለበት ማስክ ያድርግ፣ ከአረጋውያንም ይራቅ። ሳሉ ለሳምንታት ቢቆይ፣ የሚቆላው ቡናም ባይሸተው፣ ይህ ብቻውን አሁንም በሽታውን ያስተላልፋል ማለት አይደለም።