«ወፍ የለም!» ከማለታችሁ በፊት፦ በጥቅምት አንኮበር ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ወፍ ማየት የጀመርኩ ሰሞን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንኮበር ሄድን። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሳን፤ ገና ሳይነጋ ገደሉ አፋፍ ላይ ተገተርን። ጉም ነው። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። 3 ሰዓት ሲሆን አንዱ ጓደኛዬ «ወፍ የለም!» አለ። በሁለቱም ትርጉሙ ማለቱ ነው። ተስማማንና ተመለስን። ቁርሳችንን በልተን ሻይ ቤት በር ላይ ቁጭ ብለን ቀና ስንል፣ እኛ ከቆምንበት ገደል በላይ ሰማዩ በንስር ተሞልቷል። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር... መቁጠር ተውኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመላልሻለሁ። እኔ የሠራኋቸውንና ሰው ሲሠራቸው ያየኋቸውን ስህተቶች ላውጋችሁ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል መመለስ

«ወፍ የሚታየው በጠዋት ነው» ይባላል። ለትንንሾቹ እውነት ነው። ለትልልቆቹ ግን አይሠራም። ንስርና አሞራ ክንፋቸውን እያራገቡ ሩቅ መንገድ መሄድ ይከብዳቸዋል። መሬቱ እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። ሲሞቅ ከታች የሚነሳው ሞቃት አየር ያነሳቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ ይወጣሉ። ከፍ ካሉ በኋላ ወደሚሄዱበት ይንሸራተታሉ። ለዚህ ነው 3 ሰዓት ላይ ባዶ የነበረው ሰማይ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ገበያ የሚመስለው። ቁርሳችሁን ቋጥራችሁ ሂዱ፤ እዚያው ብሉ።

«ባሕር የለንም፣ ስደተኛ ወፍ ከየት ይመጣል?» ማለት

ይሄ ስህተት የኔም ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እነዚህ ትልልቅ ወፎች ባሕር ይፈራሉ። ውኃ እንደ መሬት ስለማይሞቅ የሚያነሳቸው አየር አያገኙም። ስለዚህ ባሕሩ የሚጠብበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ያ ቦታ ባብ ኤል መንደብ ነው፤ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። በመፀው ከየመን ዳርቻ ተነስተው ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መፀው እዚያ በተደረገ ቆጠራ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞራዎች ሲሻገሩ ታይተዋል። ጅቡቲ ዳርቻ ላይ ቆሞ ያንን ማየት ሌላ ነገር ነው። ግን ከተሻገሩ በኋላ የት ይሄዳሉ? አፋርን አልፈው ወደ ደቡብ ሲወርዱ የኛን ገደል ጠርዝ ይዘው የሚያልፉ አሉ። እኛ ሻይ እየጠጣን ያየናቸው እንግዶች ነበሩ ማለት ነው።

ከእነሱ ውስጥ ስቴፕ ንስር የሚባለውን ለዩት። ከካዛኪስታንና ከሩሲያ ሜዳዎች ድረስ ነው የሚመጣው። የዓመቱን ጫጩት ማወቅ ቀላል ነው፤ ከራሳችሁ በላይ ሲያልፍ ክንፉን ከሥር እዩት፣ መሐል ለመሐል ሰፊ ነጭ መስመር አለው። በዓለም ደረጃ ቁጥሩ ክፉኛ የቀነሰ ወፍ ነው።

አገሬውንም አትናቁ። ጢማሙ አሞራ ክረምት ከበጋ እዚሁ ነው። ምግቡ በአብዛኛው አጥንት ነው። ትልቅ ከሆነበት ከፍ አድርጎ አለት ላይ ይለቀውና ስብርባሪውን ይውጣል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ቃል በቃል የያዘ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ብቻ ማንጋጠጥ

ሰው ከውጭ አገር ድረስ አንኮበር የሚመጣው ለአንዲት ድንቢጥ ለምታህል ቡናማ ወፍ ነው። የአንኮበር ሴሪን ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1976 ተገኝታ በ1979 በሳይንስ ስም ወጣላት። ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። መልኳን ካያችሁ «ለዚች ነው?» ትላላችሁ። ዥንጉርጉር ናት፤ ቢጫ የለ፣ ቀይ የለ። የምትውለውም ከእግራችሁ በታች፣ የገደሉ ሣርና ድንጋይ ላይ ነው። መሬት ላይ ዘር ትለቅማለች፤ ስትደነግጥ ከጓደኞቿ ጋር ብር ብላ ከአፋፉ በታች ትጠፋለች። ስለዚህ ተቀመጡ። እውነቴን ነው፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ በሉና ወደ ታች እዩ። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጄ ያጣኋት ቆሜ ስለፈለግኋት ነው። በአራተኛው የጫማዬን ክር ላስር ስቀመጥ አምስት ሆነው አጠገቤ ይለቅማሉ።

እግረ መንገዴን፦ ጠዋት ሣሩ በጤዛ ይንሸራተታል። ጫፍ ላይ ቆሞ ሰልፊ ይቅርባችሁ።

ወፏን በባይኖኩላር መፈለግ

ጀማሪ ሁሉ ይሄን ይሠራል። ወፍ ያያል፣ ዓይኑን ነቅሎ ባይኖኩላሩን ያያል፣ ዓይኑ ላይ ይደግናል፣ ከዚያ ሰማይ ለሰማይ ይዋኛል። ወፏ የለችም። ዓይናችሁን ከወፏ አትንቀሉ። አንገታችሁ ባለበት ይቁም፤ ባይኖኩላሩ ወደ ዓይናችሁ ይምጣ። ቤት ሆናችሁ በስልክ ምሰሶ ተለማመዱ። ሲገዙ ደግሞ ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ይሻላል የሚል አለ። 8 በ42 የሚለው ይበቃል። 8 ስምንት ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው፤ 42 የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር። ከዚያ በላይ የሚያቀርበው በብርድ የሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ሁሉን ነገር ያስጨፍራል።

የመስቀል ወፍ ሄደች ብሎ ማዘን

በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ሰው «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» እንላለን። ወፉ ግን የትም አልሄደም። በክረምት ወንዱ ለሴቷ ሲል ጥቁርና ቢጫ ወይም ጥቁርና ቀይ ይለብሳል። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ያወልቀውና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። በኅዳር አጥር ላይ ቸል ብላችሁ የምታልፉት መንጋ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጥቅምት ላይ ግማሹን አውልቆ ግማሹ የቀረበት ወንድ ታገኛላችሁ። የተበጫጨቀ የሠርግ ልብስ የለበሰ ነው የሚመስለው።

ነጭ ጋቢ ለብሶ መሄድ

ይሞቃል፣ ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ጠቆር ያለ ነገር ልበሱ። የወፍ ድምፅ በስልክ እየከፈቱ መጥራትም ይቅር፤ ጠላት መጣብኝ ብሎ መብላቱን ትቶ ሲጨነቅ ይውላል።

ማሳ ውስጥ ሳይጠይቁ መግባት

ጥቅምት ላይ እህሉ ገና አልታጨደም። ባይኖኩላር አንጠልጥሎ በገብስ መሐል የሚሄድ ከተሜ ደግሞ መሬት ለኪ ነው የሚመስለው። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ከነዱላቸው መጡብኝ።

«ልጄ፣ ደግሞ ምን ልትለኩብን ነው?»

«እንደምን አደሩ አባባ። አንለካም። ወፍ ነው የምናየው።»

«ወፍ? ምን ይሠራላችኋል?»

«እንዲያው ለማየት ብቻ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እስቲ ወዲህ በል» ብለው ባይኖኩላሩን ተቀበሉኝ። ገመዱን በአንገታቸው አጠለቅኩላቸው፤ መሐል ያለውን ጎማ እንዴት እንደሚያዞሩ አሳየኋቸው። ጢማሙ አሞራ ማዶ ካለው አለት ተነስቶ ነበር፤ በጣቴ ጠቆምኳቸው። እሳቸው ግን ዝቅ አድርገው ማዶ ያለውን ተዳፋት ያያሉ።

«ያቺ ቡሬዋ የኔ ላም አይደለችም እንዴ?»

«የቷ አባባ?»

«የሰው ባቄላ ውስጥ ገብታለች!» አሉና ባይኖኩላሬን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቁልቁለቱን ተያያዙት።