የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ዕረፍት፦ ከሆቴሉ በፊት ወሩና ነፋሱ

ለባሕር ዳርቻ ዕረፍት የሚዘጋጅ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው የሆቴል ፎቶ ነው። ፎቶ ግን ነፋስ አያሳይም፤ የውኃውን ቅዝቃዜም ሆነ እግር ሥር ያለውን ጠጠር አይናገርም። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ዕረፍቱን የሚያበላሹት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ወሩን ይወስኑ፣ ቀጥሎ ነፋሱን ይዩ፣ ከዚያ የዳርቻውን መሬት ያጣሩ፤ ክፍል መያዝ የመጨረሻው ሥራ ይሁን። (እዚህ የተጠቀሱት ወራት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረው የ24 ሰዓት ነው።)

ባሕር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። በሜይ አየሩ 25 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ውኃው ገና 18 ወይም 20 ላይ ሊሆን ይችላል። ጎበዝ ዋናተኛ ይችለዋል፤ ልጅ ግን አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ከንፈሩ ይጠቁራል። በኦገስት ብዙ ቦታ 25 ይደርሳል፤ ወደ ምሥራቅ፣ በቆጵሮስና በቱርክ ደቡብ ዳርቻ፣ 28 ይጠጋል። ነገር ግን ኦገስት የጣሊያንና የፈረንሳይ ሰው በሙሉ የሚወጣበት ወር ነው። በተለይ በ15ኛው ቀን፣ በጣሊያኖች የፌራጎስቶ በዓል ሰሞን፣ ክፍልም መንገድም ይጨናነቃል።

ምርጫው በእጅዎ ከሆነ ሴፕቴምበርን ይያዙ። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ ዋጋ ወርዷል፣ ባሕሩ ግን የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው። ከወሩ አጋማሽ በኋላ የሚሄዱ ከሆነ ወደ ምሥራቁ ያዘንብሉ፤ በስፔን ምሥራቃዊ ዳርቻ በመጸው ድንገተኛ ከባድ ዝናብ ይጥላል። በግሪኳ ደሴት ቀርጤስ ላይ ኦክቶበር መጀመሪያም ይዋኛል። ወሩ ሲያልቅ ግን ብዙ የደሴት ሆቴሎች ይዘጋሉ፣ የጀልባ ጉዞም ይቀንሳል።

ነፋሱ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ነው። በግሪክና በቱርክ መካከል ባለው በኤጂያን ባሕር ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ በጁላይና በኦገስት ይበረታል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ለቀናት ሊነፍስ ይችላል። መፍትሔው ደሴቱን መተው ሳይሆን ጎኑን መምረጥ ነው። ሮድስ ላይ ምዕራቡ ዳርቻ ነፋስና ሞገድ ይበዛዋል፤ ፋሊራኪና ሊንዶስ ያሉበት ምሥራቁ ግን ይረጋል። ሚኮኖስ ላይ ደግሞ እንደ ኦርኖስና ፕላቲስ ያሎስ ያሉት የደቡብ ዳርቻዎች ይጠለላሉ። ነፋሱ ሲበረታ ጀልባዎች ከወደብ እንዳይወጡ ይከለከላሉ፤ ስለዚህ የመመለሻ በረራዎ ከአቴንስ ከሆነ ከደሴቱ የሚወጡት በበረራው ዋዜማ ይሁን። በዚያው ጠዋት ጀልባ ይዞ አውሮፕላን እደርሳለሁ ማለት ትኬቱን በነፋስ ማስያዝ ነው።

በደቡብ ፈረንሳይ ደግሞ ሚስትራል የሚባል ነፋስ አለ። ከየብስ ወደ ባሕር እየነፈሰ የሞቀውን የላይኛውን ውኃ ይገፋል፤ በምትኩ ከታች ቀዝቃዛው ይወጣል። በጁላይ አጋማሽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የማርሴይ አካባቢ ውኃ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ዲግሪ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

የዳርቻው መሬት ከከተማ ከተማ ይለያያል። ፈረንሳይ ውስጥ ኒስ ጠጠር ነው፣ ካን አሸዋ። በቱርኳ አንታሊያ ውስጥ ኮንያአልቲ ጠጠር ሲሆን ላራ አሸዋ ነው። ክሮኤሺያ አብዛኛው ጠጠርና ዐለት ስለሆነ የጎማ ሶል ያለው የውኃ ጫማ ግድ ነው፤ ዐለቱ ላይ ጥቁር እሾኻቸው እግር ውስጥ ተሰብሮ የሚቀር የባሕር ጃርቶች አሉ። አንዳንድ ዳርቻ ላይ የተቆለለ ቡናማ ቅጠል ቢያዩ ቆሻሻ ነው ብለው አይሽሹ። ፖሲዶኒያ የተባለ የባሕር ሣር ነው፤ አሸዋው በሞገድ እንዳይታጠብ ይከላከላል።

ክፍል ሲመርጡ «ከባሕሩ 300 ሜትር» የሚለውን ብቻ አይመኑ፤ ብዙ ጊዜ ቀጥታ መስመር ነው። ካርታ ላይ የእግር መንገዱን ይለኩ፣ ዳገቱንም ይዩ። እንደ ጣሊያኗ ፖዚታኖ ያለ ቦታ ላይ ርቀቱ አጭር ሆኖ መቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎች ይጠብቁዎታል። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ የዳርቻው ትልቅ ክፍል ወንበርና ጃንጥላ የሚያከራዩ ድርጅቶች የያዙት ስለሆነ የነጻው ዳርቻ፣ ስፒያጃ ሊቤራ የሚሉት፣ የት እንዳለ አስቀድመው ይፈልጉ።

የሸንገን ቪዛ (ወደ አብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በአንድነት የሚያስገባው) የሚያስፈልግዎ ከሆነ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ይከፈታል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት፤ በበጋ ግን ቀጠሮ ስለሚጠፋ ሦስት ወር ቀድመው ይጀምሩ። የሚያመለክቱት ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት፤ ፓስፖርቱም ከወጡ በኋላ ሦስት ወር የሚያገለግልና ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ ይሁን። ቪዛው እስኪመጣ ድረስ የሚሰረዝ ቦታ ብቻ ይያዙ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ከሮድስ ወደ ቱርኳ ማርማሪስ በጀልባ ደርሶ መምጣት ቀላል ይመስላል፤ ቪዛዎ ለአንድ መግቢያ ብቻ ከሆነ ግን ከወጡ በኋላ ወደ ግሪክ መመለስ አይችሉም።

ፀሐይ የምትበረታው እኩለ ቀን ላይ ነው ብለው ሰዓትዎን አይመኑ። በጁላይ በደቡብ ስፔን ማላጋ ላይ አናት ላይ የምትሆነው 14:20 አልፎ ነው፤ በደቡብ ጣሊያን ፑሊያ ላይ ወደ 13:00። ስለዚህ ጥላ ሥር መቆየት ያለብዎ ማላጋ ከ12:30 እስከ 16:30፣ ፑሊያ ከ11:00 እስከ 15:00 ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለአንድ ዐዋቂ ሙሉ ሰውነት በአንድ ጊዜ 35 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ 200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ስድስት ጊዜ እንኳ በቅጡ አይሞላም። በስሱ ከተቀባ ጠርሙሱ ላይ የመከላከያ መጠኑ (SPF) 50 የተባለው 50 አይሆንም። በየሁለት ሰዓቱ፣ ከውኃ ሲወጡም ይድገሙት። ትልቁን ጠርሙስ በሚጫነው ሻንጣ ይክተቱ፤ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያ ያስጥላል።

ጃንጥላውን በመዶሻ አይምቱ። ዘንጉን እየወዘወዙ ግማሽ ሜትር ያህል ያስገቡ፤ ዙሪያውን እርጥብ አሸዋ ሞልተው በእግር ይርገጡ፤ ከዚያ አናቱን ነፋሱ ወደሚመጣበት ያዘንብሉ፤ ያኔ ነፋሱ ይጫነዋል እንጂ አያነሣውም። ጠዋት የሚነፍሰው ቀላል ነፋስ ከየብስ ነው፤ ረፋዱ ላይ ዞሮ ከባሕር መምጣት ይጀምራል። ጠዋት የተተከለ ጃንጥላ እኩለ ቀን ላይ ተነቅሎ የሚበረው ለዚህ ነው፤ ነፋሱ ሲዞር እርስዎም ያዙሩት።

ያው የየብስ ነፋስ ለልጆች ይበልጥ ያሰጋል። ከባሕሩ ዳር ሲታይ ውኃው እንደ መስታወት ነው፤ በአየር የተነፋ ፍራሽ ላይ የተኛ ልጅ ግን በዝምታ ወደ ውጭ ይወሰዳል። ነፋሱ ከጀርባዎ ወደ ባሕሩ የሚነፍስ ከሆነ ፍራሹ ከውኃ አይግባ።

ጄሊፊሽ ከነደፈ በባሕር ውኃ ይጠቡት፤ ንጹሕ የቧንቧ ውኃ ቆዳ ላይ የቀሩትን መርዘኛ ሕዋሳት ያነሣሣቸዋል። የቀረውን ክር በካርድ ጠርዝ ገፍፈው ያንሡ፤ አሸዋ አይሹበት። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየው ዊቨር የተባለ ትንሽ ዓሣ ከወጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ መርዙን የሚሰብረው ሙቀት ስለሆነ እግሩን በሚቻለው መጠን ትኩስ በሆነ፣ ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ ውኃ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንከሩ። መተንፈስ ካስቸገረ ወይም ፊት ካበጠ 112 ይደውሉ፤ ቁጥሩ በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም በቱርክም አንድ ነው።