የመኪናችሁ የፊት መብራት የአውሮፓ ነው የአሜሪካ? እንዴት ታውቃላችሁ፣ እንዴትስ ታስተካክላላችሁ?

ማታ ከሞጆ ወደ ዝዋይ ስነዳ ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ረጅም መብራት ብልጭ ያደርግብኛል። አጭር ላይ ነኝ። ደግሜ አየሁ፣ አጭር ላይ ነኝ። አዲስ አበባ ተመልሼ ግድግዳ ላይ ሳበራው ነው ነገሩ የገባኝ፦ ከሳምንት በፊት አንድ ጋራዥ «አርቆ ያበራልሃል» ብሎ ሁለቱንም መብራት ከፍ አድርጎልኝ ነበር። መብራቶቹ የአውሮፓ ናቸው። የተሰጣቸው ከፍታ ግን ለአንዳንድ የአሜሪካ መብራት የሚሆን ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሰው ዓይን ውስጥ እያበራሁ መሄዴ እስካሁን ይቆጨኛል።

እኛ አገር የአውሮፓ፣ የአሜሪካ፣ የዱባይና የጃፓን መኪና አንድ መንገድ ላይ ነው የሚሄደው። ሶማሌ ተራ የምትገዙት መብራት ደግሞ ከየትኛው መኪና እንደተፈታ ሁልጊዜ አይታወቅም። ስለዚህ አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት መብራቱ በየትኛው ሕግ እንደተሠራ እወቁ። የሚያስፈልጋችሁ ስልክ፣ ሜትር፣ ፕላስተርና ካቻቢቴ ብቻ ነው።

መጀመሪያ መስታወቱን አንብቡ

መብራቱን አጥፉ፣ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ የስልካችሁን ባትሪ ከጎን አስጠግታችሁ አብሩበት። ብዙ ጊዜ ከታች ወይም ጥግ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ይወጣላችኋል።

በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» (E) ፊደል ከቁጥር ጋር ካለ በአውሮፓው ደንብ የጸደቀ ነው። ቁጥሩ ያጸደቀው አገር ነው፦ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣልያን፣ 4 ኔዘርላንድ፣ 11 እንግሊዝ። የት እንደተሠራ አይናገርም። ይህ ደንብ ከአውሮፓ ውጭም ይሠራል፤ የጃፓን ቁጥር 43 ነው።

«ዲ-ኦ-ቲ» የሚል ካለ የአሜሪካ ነው። እዚያ መንግሥት መብራቱን አስቀድሞ መርምሮ አያጸድቅም። አምራቹ ራሱ ሕጉን አሟልቻለሁ ብሎ ምልክቱን ያትማል፣ ተቆጣጣሪው በኋላ ሊፈትሸው ይችላል። ከጎኑ «ቪ-ኦ-ኤል» ወይም «ቪ-ኦ-አር» የሚሉ ፊደላት ፈልጉና ጻፉ፣ ኋላ ወሳኝ ናቸው። አንዳንዱ መብራት ላይ የሁለቱም አገር ምልክት አለ።

ቀጥሎ ቀስት ፈልጉ

ይህን ብዙ ሰው አያየውም። የአውሮፓ መብራት ላይ ምንም ቀስት ከሌለ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው፣ ማለትም ለእኛም ይሆናል። በሁለቱም ወገን ቀስት ካለ መቀያየር ይችላል። መብራቱን ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት ወደ ቀኛችሁ ብቻ የሚያመለክት ቀስት ካለ ግን እንደ እንግሊዝና ጃፓን በግራ ለሚነዳ አገር ነው።

ለምን ይጠቅማል? የአውሮፓ አጭር መብራት ግድግዳ ላይ ቁርጥ ያለ መስመር ይሠራል፤ ከላይ ጨለማ፣ ከታች ብርሃን። መስመሩ በግራ ጠፍጣፋ ይሄድና በቀኝ በኩል፣ ብዙ ጊዜ በ15 ዲግሪ፣ ወደ ላይ ይነሳል። ግራው ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይጠብቃል፣ ቀኙ የመንገዱን ዳር ያሳያል። ማታ ከገበያ የሚመለሰው ሰውና አህያው ዳር ዳሩን ነው የሚሄዱት፣ እነሱን የሚያሳያችሁ ያ የተነሳው ክፍል ነው። የእንግሊዝ መብራት ስትገጥሙ ይህ ይገለበጣል። የተነሳው ብርሃን ቀጥታ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የእናንተ ዳር ጨለማ ይሆናል። ይህን በብሎን ማስተካከል አይቻልም። ዝቅ ብታደርጉት ራሳችሁ መንገድ ታጣላችሁ። መለወጥ ነው ያለው።

የአሜሪካ መብራት መስመር ደብዘዝ ያለ ነው። ከመስመሩ በላይም ትንሽ ብርሃን ይለቃል፣ ምክንያቱም አውራ ጎዳና ላይ ከላይ የተሰቀሉት ምልክቶች በመኪናው ብርሃን እንዲነበቡ ይፈለጋል። ጥቅሙ ያ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ከፊት ለሚመጣው ሰው ትንሽ ማንጸባረቁ ነው።

አሁን ግድግዳ

ለጥ ያለ ሜዳና ቀጥ ያለ ግድግዳ ፈልጉ። የጎማ ንፋስ ልክ ይሁን፣ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የመብራት ከፍታ መቀየሪያ ካለ ዜሮ ላይ ይሁን። ከመሬት እስከ መብራቱ መሃል ለኩና በዚያው ከፍታ ግድግዳው ላይ ፕላስተር ለጥፉ።

የአውሮፓ ከሆነ ኮፈኖውን ክፈቱ፣ ከመብራቱ አካባቢ የመቶኛ ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ለምሳሌ 1 ወይም 1.2። 1 በመቶ ማለት በ10 ሜትር ርቀት ጠፍጣፋው መስመር ከፕላስተሩ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው፣ በ5 ሜትር 5። መብራቱ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መስመሩ 70 ሜትር ላይ መሬት ይነካል። መስመሩን ዝቅ ሳታደርጉ ፕላስተሩ ላይ ብታስቀምጡት ግን መሬት ሳይነካ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የእኔ መብራት የተደረገው ይህ ነው።

የአሜሪካ ከሆነ መኪናውን ከግድግዳው 7.6 ሜትር አርቁ። «ቪ-ኦ-አር» ላይ የምታዩት የቀኙን መስመር ነው፣ እሱም በተለመደ የቤት መኪና ከፍታ ፕላስተሩ ላይ ይሆናል። «ቪ-ኦ-ኤል» ላይ የግራውን ታያላችሁ፣ ከፕላስተሩ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ሁለቱን ካቀላቀላችሁ ወይ ሰው ታሳውራላችሁ ወይ ራሳችሁ አታዩም።

ማስተካከያው ብሎን ብዙ ጊዜ ከመብራቱ ጀርባ ነው። አንዱን መብራት በካርቶን ከልሉ፣ ሌላውን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ካርቶኑን አታቆዩት፣ መብራቱ ይሞቃል።

ለሃሎጅን (ባለ ክር) አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል የምትጨምሩ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ እዩት። አንጸባራቂው የተሰላው ለሃሎጅኑ ቀጭን ክር ቦታ ነው፣ ብርሃኑ ከዚያ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲሸሽ መስመሩ ይበተናል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከአውሮፓ ያስመጣችሁት መብራት «ዲ-ኦ-ቲ» ከሌለው ለመንገድ አይፈቀድም።

ሲያልቅ ማታ ውጡና ትራፊክ መብራት ላይ ከአንድ አውቶሞቢል ኋላ ቁሙ። መስመራችሁ ከኋላ መስታወቱ በታች፣ ሻንጣው ላይ መዋል አለበት። ሾፌሩ ብርሃን በዝቶበት የኋላ ማያ መስታወቱን ካጠፈ ወደ ግድግዳው ተመለሱ።